ድሮም ሱቅ ነበረ

የአንባቢያን ጥያቄና የአርክቴክት መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ዓይነት ቤት ይጠይቃሉ፤ ይኸውም ግድግዳው ወፍራም፣ የበሩ አናት ቅስት፣ ፎቁ የእንጨት የሆነና ባለቤቶቹ ወይም ተከራዮቹ ሱቅ ያደረጉት ወይም ሊያደርጉት ያሰቡት የቆየ የከተማ ቤት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከስምንት ፎቶግራፎች ጋር ስለ መጣና ነገሩም ሰፊ ስለ ሆነ አብዛኛውን ገጽ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ አያቴ ከአንድ ነጋዴ የገዛው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጀጎል ውስጥ፣ «መኪና ግርግር» ከሚባለው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ምድር ቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖሩት ተከራዮች በቅርቡ ስለ ለቀቁ፣ እኔና ወንድሜ የጨርቃ ጨርቅና የባህል ልብስ ሱቅ ልንከፍትበት አስበናል። በመንገዱ በኩል አንድ በር፣ በግራና በቀኙም ሁለት መስኮቶች አሉት፤ የበሩ ስፋት 1 ሜትር ከ30 ነው። ወንድሜ በሩንና መስኮቶቹን የሚለየውን ግንብ አፍርሰን አራት ሜትር የሚሆን አንድ ወጥ መስታወት እናድርግበት ይላል። የግድግዳው የታችኛው ክፍል እርጥበት ስላለውና ልስኑ ስለሚረግፍ፣ ያነጋገርነው ግንበኛ ሁሉንም አራግፈን በሲሚንቶ እንለስነው ብሎናል፤ «ቤቱ የጡብ ቤት ነው፣ ማፍረሱን አትፍሩት» ሲልም አጽናንቶናል። እናቴ ግን «የአባቴን ቤት ፊቱን አታበላሹብኝ» ብላ እምቢ አለች። ማን ነው ልክ? (ፋ. አ.፣ ከሐረር)

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው፤ ወንድምዎም ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ ግንበኛው ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቷል።

ከቤቱ ስም ልጀምር። ሦስተኛውን ፎቶግራፍ አጉልቼ አየሁት። ከበሩ በስተግራ ልስኑ በረገፈበት ቦታ የሚታየው ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ አንዱ የሰው ጭንቅላት፣ ሌላው ጡጫ ያህላል፣ በመካከላቸውም ክፍተት ለመሙላት የተሰገሰጉ ጠጠሮች አሉ፤ ሁሉንም የያዛቸው ቀላ ያለ ጭቃ ነው። ጡብ ያለው በበሩና በመስኮቶቹ ዙሪያ ብቻ ነው። ጎረቤትም ግንበኛም ያየው ይህንኑ ጡብ ነው፤ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለ ሆነ አይፈረድባቸውም። ቤቱን የሠራው ባለሙያ ጡቡን የቆጠበው በእርግጥ ለሚያስፈልገው ቦታ ነው። ቅስት እኩል መጠን ባላቸው ቁርጥራጮች ሲሠራ ጫናው በእኩል ይከፋፈላል፤ ሸካራ ድንጋይን ጠርቦ ለቅስት ማድረስ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ ጡብ ግን ከእቶን የሚወጣው ተመጥኖ ነው። እንግዲህ የእርስዎ ቤት የጡብ ቅስት ያለው የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው። ይህም የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከላይ የሚጫነውን ለመቶ ዓመት ያለ ቅሬታ ይሸከማል፣ ከጎን ሲገፉት፣ ከመካከሉ ሲቦረቡሩት ወይም ውኃ ሲያጠጡት ግን ጥሩ ጡብ የሚታገሠውን ያህል አይታገሥም።

ቀጥሎ የቤቱን ወገን እንለይ። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በግንቡ ውስጥ ያሉትን መኖሪያ ቤቶች በሦስት ከፍሏቸዋል። አንደኛው ጌይ ጋር፣ ማለትም ባህላዊው የሐረሪ ቤት ነው፤ ስለ እርሱ ለሐረር ሰው መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን አልፈዋለሁ፤ ለጉዳያችን የሚያስፈልገን ጌይ ጋር ጀርባውን ለመንገድ፣ ፊቱን ለግቢው የሚሰጥ ቤት መሆኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው «የህንድ ቤት» የሚባለው ሲሆን፣ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ ማለትም ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ከተማዋ የመጡ ህንዳውያን ነጋዴዎች የሠሩት፣ አራት ማዕዘን፣ ባለ ፎቅ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት በረንዳ ያለው ቤት ነው። በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራውና ዛሬ ሙዚየም የሆነው ባለ እንጨት ቤት ከዚህ ወገን ነው፤ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውም እንዲሁ። ሦስተኛው የሁለቱ ድብልቅ ነው። በስድስተኛው ፎቶግራፍዎ ላይ በውስጠኛው ክፍል ከወለሉ ከፍ ያለ ነደባ (የመቀመጫ መደብ)ና ከግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች ይታያሉ፤ ከመንገድ ሲያዩት ግን በረንዳው፣ ቅስቱና ቀጥ ያለው ፊቱ የህንድ ቤት ያሰኙታል። አያትዎ ቤቱን ከገዙ በኋላ ውስጡን እንደ ለመዱት አሠርተውት ሊሆን ይችላል፤ ይህንን እናትዎን ቢጠይቋቸው ከእኔ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

የህንድ ቤት ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረው ለማማር አልነበረም። ነጋዴው ታች ይሸጣል፣ ላይ ይኖራል፤ በረንዳው ላይ ሆኖም መንገዱንና ደንበኛውን ይጠብቃል። ወንድምዎ ያልተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱ ወደ መንገድ መከፈት ይፈልጋል። የተሳሳቱት በመክፈቻው ነው።

አምስተኛውን ፎቶግራፍ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ስላነሣችሁት አመሰግናለሁ፤ ፊት ለፊት ቢነሣ ኖሮ ምንም አይታይም ነበር። በሁለቱም መስኮቶች ሥር፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ መሬት የሚወርድ ቀጭን መስመር በግራም በቀኝም አለ። መሠረት ሲሰጥም የሚመጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አግድም እያዘነበለ ወይም እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይሄዳል፤ በቱንቢ እንደ ተለካ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ግን አዲስ ግንብ በአሮጌ ግንብ መካከል የተወተፈበት ስፌት ነው። በቀኝ በኩል ካለው መስኮት ሥር ልስኑ የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ረግፏል፤ በዚያች ቀዳዳ የመቃኑ ጡብ ከመስኮቱ ደፍ በታች ሳይቋረጥ ሲወርድ ይታያል። መስኮት ብቻ ለመሥራት የፈለገ ሰው ከደፉ በታች የጡብ መቃን አይሠራም። የሦስቱም ቅስቶች አናት በአንድ ከፍታ ላይ ነው፤ ስፋታቸውም ለዓይን እኩል ይመስላል። እነዚያ መስኮቶች በሮች ነበሩ። ሱቁ መኖሪያ ሲሆን፣ አላፊ አግዳሚው ወደ ውስጥ እንዳያይ አንድ ሰው እስከ ወገብ ገንብቶ ዘግቷቸዋል።

በእኔ ቃል ብቻ አትመኑ። መስኮቶቹን ለኩ፤ ከበሩ ጋር እኩል 1 ሜትር ከ30 ከሆኑ ነገሩ አለቀ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ልስን በሳንቲም ጠርዝ እያንኳኳችሁ ወደ ጎን ሂዱ፤ ስፌቱን ስታልፉ ድምፁ ይለወጣል። በመቃኑ ውስጠኛ ጎን፣ ጉልበት በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ የቀድሞው የሳንቃ መዝጊያ የዞረበት የብረት ማጠፊያ ጉቶ ወይም የተነቀለበት ቀዳዳ ፈልጉ። ከደፉም ሥር ትንሽ ቆፍሩ፤ በእግር ብዛት መካከሉ የጎደጎደ ድንጋይ ብታገኙ አልደነቅም። ሦስት ጊዜ 1 ሜትር ከ30 ደግሞ 3 ሜትር ከ90 ነው፤ ወንድምዎ የተመኙት አራት ሜትር፣ ከአሥር ሳንቲ ሜትር በቀር፣ ግድግዳው ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል።

በቅስቶቹ መካከል ያሉትን ሁለት የግንብ ዓምዶች ግን በምንም ምክንያት አትንኳቸው። ቅስት የተጫነበትን ወደ ታች ብቻ አይልከውም፣ ወደ ጎንም ይገፋዋል። ሦስት ቅስቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንዱን ግፊት የጎረቤቱ ግፊት ይመልሰዋል፤ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው የተቀመጡ ሰዎችን ያስቡ፣ አንደኛው በድንገት ሲነሣ ሌላው ወደ ኋላ ይወድቃል። ዓምዱ ሲወጣ ሁለቱ ቅስቶች ወዲያው ይረግፋሉ፤ የቀረው ሦስተኛውም የሚገፋው ሲያጣ ወደ ተከፈተው በኩል ይተኛል። ከዚያም በላይ በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ የፎቁ ወለል አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው ልክ ከቅስቶቹ በላይ ባለው ግንብ ላይ እንዳረፈ ይታያል፤ በረንዳውም የተንጠለጠለው ከእነዚሁ እንጨቶች ላይ ነው።

«የብረት ተሸካሚ ብናስገባስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቃለሁ። ይቻላል፤ ነገር ግን ቀድሞ በአራት ቦታ ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረው ጫና በብረቱ ሁለት ጫፎች ላይ ተሰብስቦ ያርፋል፤ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ደግሞ እንዲህ ያለ የተሰበሰበ ጫና ሥሩ ሲያርፍበት ይደቅቃል። ስለዚህ ለብረቱ የአርማታ ዓምድ፣ ለዓምዱ አዲስ መሠረት ያስፈልጋል፤ መሠረቱን ለመቆፈር የጎረቤትን ግድግዳ ማስደገፍ ይመጣል። በመጨረሻ አዲስ ሕንፃ ሠርታችሁ የአሮጌውን ፊት ትለጥፉበታላችሁ፤ ወጪውም አዲስ ከመሥራት አያንስም።

የተዘጉትን በሮች መክፈት ከዚህ ሁሉ ይቀላል፣ ሆኖም በጥንቃቄ ይሁን። ሥራው በበጋ፣ ዝናቡ ካቆመና ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ይጀመር። በመጀመሪያ የፎቁ ወለል ከውስጥ በኩል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በተሻጋሪ እንጨትና በፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) ይደገፍ። ከዚያ አንዱ መስኮት ብቻ ይከፈት፤ ክፈፉ በቀስታ ወጥቶ ቅስቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ይታይ፤ ከጡቦቹ መካከል ወደ ታች የተንሸራተተ ካለ ሥራው እዚያ ላይ ቆሞ መሐንዲስ ይጠራ። ሁሉም ደኅና ከሆነ በመስኮቱ ሥር የተወተፈው ግንብ ከላይ ወደ ታች፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ በመሮና በትንሽ መዶሻ ይነሣ። የኤሌክትሪክ መስበሪያ ወደዚህ ቤት ደጅ እንዳይደርስ፤ ንዝረቱ ስፌቱ ላይ አይቆምም፣ ጭቃውን ከድንጋዩ እያላቀቀ ወደ ዓምዱ ይገባል። ሁለተኛው መስኮት የመጀመሪያው ተጠናቆ መቃኑ ከተጠጋገነ በኋላ ይቀጥል። መስታወቱን ከመቃኑ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርጉት፤ የሳንቃ መዝጊያዎቹ ቀን ወደ ውጭ ተከፍተው ግድግዳው ላይ ይታጠፉ፣ ማታም ሱቁን ይዝጉ። ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ የሚሸጡላችሁ ሰዎች ይመጣሉ፤ የመጠቅለያው ሳጥን ቦታ ስለሚፈልግ ቅስቱን ሊያስቆርጣችሁ ይችላል፤ አታስገቡት።

አሁን ወደ እርጥበቱ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ሲታደስ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ እንዲለሰን ያዘዝሁት እኔው ነበርኩ። የመጀመሪያውን ዓመት አማረበት። በሦስተኛው ዓመት ቀድሞ ከጉልበት የማያልፈው እርጥበት ደረት ላይ ደርሶ፣ ልስኑ በጣት ሲነካ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮህ ጀመር፤ አንድ ቀንም የጡቡን ፊት ይዞ ወረደ። የሆነው ቀላል ነገር ነው። ከመሬት ወደ ግድግዳ የሚወጣ ውኃ ሁልጊዜም አለ፤ በጭቃና በኖራ ልስን ውስጥ አልፎ ወደ አየር ሲተን ግድግዳው ይደርቃል። ሲሚንቶ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ መውጫውን ይዘጋበታል፤ ውኃውም መውጫ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል፤ የተሸከመው ጨው ከልስኑ ጀርባ ይረጋና ሲደርቅ እያበጠ ጡቡንም ድንጋዩንም ይፈቀፍቀዋል። ግንበኛው የተሳሳተው ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ እኔም በጊዜው ልክ እንደ እርሱ እርግጠኛ ነበርኩ።

የእርስዎ እርጥበት ከየት እንደሚመጣ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ሳይናገር አልቀረም። ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚገባው ሁለት ደረጃ ወርዶ ነው። ማንም ሰው ወርዶ የሚገባበት ሱቅ አይሠራም፤ መንገዱ በየጊዜው ሲነጠፍ ከፍ እያለ መጥቶ የቤቱን ወለል ከሥሩ አስቀርቶታል። በዚያው ፎቶግራፍ ላይ የጣራው አሸንዳ በቀኝ ማዕዘን ተሰብሮ ውኃው ግድግዳውን እያጠበ ይወርዳል። ከልስን በፊት አሸንዳው ይጠገን፣ የሚያወርደውም ውኃ ከግድግዳው ይራቅ፤ በደጃፉ ላይ የመንገዱን ውኃ የሚመልስ የድንጋይ ደፍ ይቀመጥ። ከዚያ አንድ ሙሉ በጋ ግድግዳውን ራቁቱን ተዉት። ሱቁ ቶሎ እንዲከፈት የቸኮለ ሰው ይህን ምክር እንደማይወደው አውቃለሁ፤ ቢሆንም እርጥብ ግድግዳ ላይ የሚለሰን ልስን፣ ከምንም ይሠራ ከምን፣ ዕድሜ የለውም።

ግድግዳው ሲደርቅ የቀድሞው ማያያዣ ምን እንደ ሆነ ለዩ። ከስንጥቁ የወጣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ቁራጭ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ ጭቃ ከሆነ ይፈርስና ከሥሩ ይዘቅጣል። ኖራ ከሆነ አይፈርስም፤ በሚስማር ሲጫር ነጭ ዱቄት ይሰጣል፣ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብበትም ይፈላል። ሚስማሩ ተንሸራትቶ ግራጫ ጭረት ብቻ የሚተወው ሲሚንቶ ነው፤ ከዚህ በፊት የጠገነ ሰው ጥሎት የሄደው ማለት ነው። በጭቃው ግድግዳ ላይ በመጀመሪያ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይለሰን፤ እርሱ ደርቆ መሰንጠቁን ሲያቆም፣ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በቀጭኑ ይልበስበት። ኖራው ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት በውኃ ተነክሮና ተከድኖ የቆየ ይሁን። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየሳበ ወደ ድንጋይነቱ ሲመለስ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ በአንድ ቀን እንዳታደርቀው እርጥብ ጆንያ ይጋረድበት። ጥሬ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋል፤ የሚሠራው ሰው መነጽርና ጓንት ያድርግ።

ስለ ፎቁ አንድ ነገር ብቻ። የጨርቅ ሱቅ እንደምትከፍቱ ስለ ነገራችሁኝ እንጂ ባላነሣሁት ነበር፤ ጣቃ ከባድ ነው፣ ተደራርቦ ሲቆለል ደግሞ የመጋዘን ሸክም ይሆናል። የእንጨቱ ወለል የተሠራው ቤተሰብ እንዲኖርበት ነው። ጣቃዎቹ ምድር ቤት ይደርደሩ፤ ላይኛው ክፍል ለስፌት፣ ለሒሳብ ወይም እንደ ድሮው ለመኖሪያ ይሁን። የበረንዳው እንጨት ግድግዳ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በስለታም ሚስማር ውጉት፤ ያለ ተቃውሞ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ቀድሟችኋል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ፈቃድ ያስፈልጋል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይካሄድም፤ ቤታችሁ በተመዘገበ የዓለም ቅርስ ክልል ውስጥ ነው። የሕንፃ አዋጁ ደግሞ መኖሪያን ወደ ንግድ መለወጥንም ይመለከታል። ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄዱ አምስተኛውን ፎቶግራፍ ያዙ፤ «አዲስ በር ልንከፍት ነው» ከሚለው ማመልከቻ ይልቅ «የተዘጋውን በር ልንመልስ ነው» የሚለው የተሻለ ጆሮ ያገኛል፣ እውነትም ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ በመንገድ ማዕዘን ላይ ያለ፣ ፊቱ በቅስቶች የተከበበ በረንዳ ያለው የቆየ ቤት ተከራይተናል። የውስጡ ልስን ሲፋቅ ሙሉ የጡብ ግድግዳ ወጣ። እንደ አዲስ አበባ ካፌዎች ጡቡ እንዲታይ በመፍጫ ልናጸዳው፣ በረንዳውን በብሎኬትና በመስታወት ዘግተን ሱቁን ልናሰፋ፣ ጣራው ከፍ እንዲል ደግሞ ወለሉን 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ልናደርግ ነው። ምን ይመክሩናል? (ተ.፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሦስቱንም እንድትተዉ።

ጡብ እንደ ዳቦ ነው፤ እሳት ያገኘው ቅርፊቱ ከውስጡ ይጠነክራል። መፍጫ ቅርፊቱን ገፍፎ ለስላሳውን ልብ ለአየርና ለእርጥበት ያጋልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከግድግዳው ሥር ቀይ ዱቄት ትጠርጋላችሁ። በልስን እንዲሸፈን ታስቦ የተሠራ ግድግዳ ላይ ደግሞ ግንበኛው ምርጡን ጡብ አላዋለም፤ ለምን ያውለዋል? አንዱን የላላ ጡብ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉት፤ እንደ ሸክላ ድስት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ የበሰለ ነው፣ ድፍን ድምፅ ከሰጠ አልበሰለም። ጥሩ ሆኖ የተገኘውን አንድ ቅስት ብቻ በናይለን ብሩሽና በጥቂት ውኃ አጽድታችሁ አሳዩ፤ ሌላውን በኖራ ልበሱት።

በረንዳውን በተመለከተ ከተማዋ ራሷ ትመልስላችሁ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ሐዲዱ ወደ ሐረር ዳገት መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው ቆመ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እዚያ፣ ከሐረር ሰባት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሙቀት ውስጥ ነው። ሁለቱ የከተማዋ ሠፈሮች፣ ከዚራ በዛፍ ጥላ፣ መጋላ በበረንዳ ጥላ ያን ሙቀት ቻሉት። ቅስቱ ፀሐዩን ከግድግዳው ያርቀዋል፣ ግድግዳው ስለማይግል ውስጡ ይበርዳል፣ ከበሮቹ በላይ ያሉት ትንንሽ ክፍት ቦታዎችም የሞቀውን አየር ያስወጣሉ። በረንዳውን ስትዘጉ መስታወቱ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ በስፋት ያገኛችሁት ጥቂት ካሬ ሜትር ለአየር ማቀዝቀዣ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል። ደግሞም በቀትር እግረኛ የሚሄደው በጥላው ሥር ነው፤ እግረኛውን ወደ ፀሐይ ከገፋችሁት ደንበኛውን ማዶ ላለው ሱቅ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ወለሉን መቆፈር ግን ከሁሉም ይከፋል። የእነዚህ ቤቶች መሠረት ጥልቅ እንዳልሆነ በየእድሳቱ አይቻለሁ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስትወርዱ የግድግዳውን እግር ልታገኙት ትችላላችሁ። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጎርፉ ያደረገውን የድሬዳዋ ሰው አይረሳውምና፣ በዚያች ከተማ ወለሉን ከመንገድ በታች ዝቅ አድርጎ ሸቀጥ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ማየት አልፈልግም። ጣራውን ከፍ ለማድረግ ከሆነ ኮርኒሱን አንሥታችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ዘመን ኮርኒስ በላይ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ባለው ትንሽ ሱቃችን ግድግዳ ላይ የቀባነው የፕላስቲክ ቀለም በየክረምቱ እንደ ቆዳ ይላጣል። የትኛውን ዓይነት ብንገዛ ይሻላል? (ስሜ ይቆይ፣ ከሐረር)

መልስ፦ የትኛውንም። ቀለሙ አልሰነፈም፤ ከጀርባው የሚመጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ነው የሚገፋው። የላላውን በሙሉ ፍቃችሁ አውጡና አያቶቻችሁ በዓል ሲመጣ ያደርጉት እንደ ነበረው በኖራ ቅቡት። ኖራውን በወተት ውፍረት በጥብጡት፤ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከፈለጋችሁ ኖራ የማያቃጥለው የቀለም ዱቄት አስቀድማችሁ በውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩበት። ግድግዳው ቀድሞ ውኃ ይረጭ። ሲቀባ ውኃ ይመስላል፣ «አልያዘም» ብላችሁ አታወፍሩት፤ ሲደርቅ ይነጣል። አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እያሳደራችሁ በቀጭኑ ድገሙት፤ ደንበኛ ልብሱን የሚያስነካበት ከፍታ ላይ ግን ኖራ ስለሚያነጣ ጠባብ ሳንቃ ምቱበት።